የካሜራ የትከሻ ሪግ ስትገጣጥሙ፦ ከትከሻው ጀምሩ፣ እጀታውን መጨረሻ ግዙ

ባለፈው ጥር ቅዳሜና እሁድን ሁለት ሰርግ ቀረጽኩ። የቅዳሜው ለገጣፎ ነበር፣ የእሁዱ ቱሉ ዲምቱ። ሁለቱንም ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ገብቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው የወጣሁት። ሰኞ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። የቀኝ እጄ አንጓ አብጧል። ካሜራዬ እኮ ከነሌንሱ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ያን ያህል አይከብድም። ደግሞም ሪግ ነበረኝ፣ ማለትም ካሜራውን ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ መደገፊያ። ግን ሪጉን የገዛሁት እጀታው አምሮኝ ነበር፤ ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ክፍል እንዴት እንደሚሸከም አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያጋድላል፣ እኔ ደግሞ 15 ሰዓት ሙሉ በእጄ ወደ ላይ ደግፌ እይዘዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ፈትቼ እንደ አዲስ ገጣጠምኩት። ይሄ ጽሑፍ ያኔ የተማርኩት ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ጥምቀት፣ ዘጋቢ ፊልም፣ ረጅም ሰዓት ቆማችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ይጠቅማችኋል። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ትከሻ ይሸከማል፣ እጅ ይመራል። እጅ መሸከም ከጀመረ ሪጉ ተሳስቷል ማለት ነው፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን።

ድሮ የሰርግ ካሜራ ራሱ ትልቅ ነበር። ትልቁን የቪኤችኤስ ካሴት የሚውጥ፣ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ። ሆዱ ሥር ለትከሻ የተሰራ ጎድጓዳ ነበረው፣ ከፊትም ከኋላም ክብደቱ ተመጣጥኗል። አሁን ካሜራው ትንሽ ሆነ፣ ጎድጓዳው ጠፋ። ስለዚህ ያንን ትከሻ ከቁርጥራጭ ዕቃ ራሳችን መልሰን እንሰራዋለን። ጥሩነቱ ዕቃዎቹ መለኪያቸው የታወቀ ነው፣ የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር ይገጥማል። የሚገጥመው ግን መለኪያውን ካወቃችሁ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሁሉ መዝኑ። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ማይክ፣ ሞኒተር፣ ባትሪ። ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ የዲጂታል ሚዛን ካለው ይበቃል። እኔ የመዘንኩት ሽንኩርት በሚመዘንበት ነው፣ ባለሱቁም አልተቆጣም። ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ከነባትሪው 650 ግራም ነው። የሶኒው ባለ 24-70 ጂ ኤም ሌንስ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ስሪት፣ ብቻውን 886 ግራም ይመዝናል። ሌንሱ ከካሜራው ይከብዳል። ስለዚህ ሚዛኑ ያለው ካሜራው ላይ አይደለም፣ ወደ ሌንሱ ነው። ካሜራውን ከነሌንሱ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አግድም አስቀምጣችሁ፣ እላዩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋችሁ የማያጋድልበትን ቦታ ፈልጉ። ያንን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። በኋላ ይጠቅማችኋል።

ከዚያ መለኪያውን እወቁ

ሪግ የሚሰራው ሁለት ትይዩ ዘንጎች ላይ ነው። በእኛ ሥራ የሚጠቅመው ቀላሉ ዓይነት ነው፦ የዘንጉ ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ዘንግ መሃል እስከ ሌላው መሃል 60 ሚሊ ሜትር። ለትልልቅ የሲኒማ ካሜራዎች 19 ሚሊ ሜትር ዘንግ አለ፣ እሱ በመሃሉ 104 ሚሊ ሜትር ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ይሄን ለዩ። ባለ 19ኙ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ብትወስዱት ሌላ ምንም ዕቃችሁ አይገጥመውም።

ብሎኑ ላይ ደግሞ ልብ በሉ። የካሜራ ብሎን ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹ ሩብ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። ትልቁ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ 16 ጥርስ። ብሎን ሲጠፋባችሁ ብሎን መሸጫ ሄዳችሁ «የዚህን ዓይነት» ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ኤም 6 ነው፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር። በዓይን ሲታይ ከሩብ ኢንቹ አይለይም። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥርሱ እርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር። የኤም 6 ጥርስ ደግሞ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ነው። ስትጀምሩት ይገባል። ከዚያ ይይዛል። «ጠበቀ» ብላችሁ ትተዉታላችሁ፣ ግን የያዘው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው፤ የአሉሚኒየሙንም ጥርስ እየበላው ነው። እኔ የላይኛው እጀታ እንዲህ ተነቅሎ ካሜራው በግራ እጄ ላይ ቀርቷል። ወለሉ ሴራሚክ ነበር፣ አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ብሎን ከመቀየራችሁ በፊት በጣት ብቻ፣ ያለ ቁልፍ፣ ቢያንስ አምስት ዙር መግባቱን አረጋግጡ። ካልገባ አታስገድዱት።

ግር የሚለው ነገር፣ ከነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ናቶ ሬይል የሚባለው፣ እጀታ ተንሸራቶ የሚገባበት ሐዲድ፣ ኤም 6ን ሳይሆን ሩብ ኢንችን ይጠቀማል፤ ሮዜት የሚባለው፣ እጀታና ክንድ የሚጋጠሙበት ጥርሳም ክብ፣ ግን መሃሉ ላይ ኤም 6 አለው። አሪ የሚባለው የካሜራ ፋብሪካ ሮዜት 60 ጥርስ አለው፣ ዲያሜትሩ 31.8 ሚሊ ሜትር። ሮዜት ሁሉ እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ስለዚህ እጀታውንና ክንዱን አንድ ላይ አገጣጥማችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ናቶ ሬይሉ ስሙ እንደሚያሳየው ከጠመንጃ ዓለም የመጣ ነው። ጠመንጃ ላይ መነጽር የሚታሰርበት ሐዲድ በ1995 በአሜሪካ ጦር መለኪያ ወጣለት፣ በኋላ ናቶ የራሱን አወጣ፣ የካሜራ ሰሪዎች ሐሳቡን ወሰዱት። ስትገዙ ጫፉ ላይ ትንሽ ስፕሪንግ ያላት ማቆሚያ መኖሯን እዩ። ክላምፑ፣ ማለትም ቆንጥጦ የሚይዘው ማሰሪያ፣ ቢላላ እንኳ እጀታው ተንሸራቶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት።

አሁን ትከሻው

ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ፓድ ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ዕቃ ነው። ቢቻል ለብሳችሁ ሞክሩ። በፎቶ አይታወቅም።

መቀመጥ ያለበት በአንገትና በትከሻ ጫፍ መሃል ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ነው። የትከሻውን ጫፍ አጥንት ወይም ከፊት ከአንገት ሥር ያለውን አጥንት ከነካ ከ20 ደቂቃ በኋላ ታውቁታላችሁ። ትከሻችሁ ጠባብ ከሆነ ሰፊ ፓድ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ለሴት ባለሙያዎች ደግሞ ጠርዙ የጡት መያዣው ማሰሪያ ላይ ካረፈ ቀኑ ረጅም ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ምረጡ። ሥሩ ላይ ያለው ጨርቅ የሚያንሸራትት ናይለን እንዳይሆን። ጎማ ወይም ሸካራ ጨርቅ ይሻላል። እዚህ ዳር አገር ጠዋት ብርዱ ሌላ ነው፣ በተለይ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ጃኬት ሳይለብሱ አይወጣም፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ደግሞ በሸሚዝ ትቀራላችሁ። ፓዱን በሁለቱም ልብስ ሞክሩት። በጃኬት የገጠመ በሸሚዝ ሊንሸራተት ይችላል።

ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት። እስከ ብረቱ ድረስ ከሰመጠ ምንም ስፖንጅ እንደሌለው ቁጠሩት። ጠንከር ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚመለስ ነው ጥሩው። የእኔ ፓድ ስፖንጁ ሲያልቅ ፍራሽ የሚሸጡበት ሄጄ ቁራጭ ጠንካራ ስፖንጅ ገዝቼ በቆዳ አሰፋሁት። ከመጀመሪያው ይሻላል።

አንዳንድ ሪግ ላይ ካሜራውን ወደ ዓይን የሚያመጣ የዚግዛግ ቅርጽ ያለው ብረት አለ። ፓዱ በቀኝ ትከሻ፣ ካሜራው በፊታችሁ ፊት ለፊት። ይሄን አልመክርም። ክብደቱ ከትከሻው መስመር ስለሚወጣ ሪጉ ወደ ግራ ይገለበጣል፣ እናንተም ሳታውቁት ወገባችሁን አጣማችሁ ትቆማላችሁ። ካሜራው ከትከሻው ጋር አንድ መስመር ላይ ይሁን፣ የምታዩት በሞኒተር ይሁን።

ሚዛኑን አስሉት

ይሄኛው ላይ ጊዜ ስጡ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። አህያ ላይ ጭነት ሲጫን ያየ ሰው ይገባዋል። በአንድ ጎን የከበደ ከሆነ ያጋድላል። ሪግ ላይ ግን የሚያጋድለው ክብደት ብቻ አይደለም፣ እርቀትም ነው። ክብደቱን በኪሎ፣ ከትከሻ ያለውን እርቀት (ለካሜራው እስከ ፕላስተሩ ምልክት ድረስ) በሳንቲ ሜትር ውሰዱና አባዙት። የፊቱ ድምርና የኋላው ድምር እኩል መሆን አለበት።

ካሜራ፣ ሌንስ፣ ኬጅ (ካሜራውን ዙሪያውን የሚይዘው ፍሬም) እና ማይክ አንድ ላይ 2 ኪሎ ናቸው እንበል። ከትከሻ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አስቀመጣችሁት፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ የካሜራውን የራሱን ስክሪን ለማየት። 2 ሲባዛ በ30፣ 60 መጣ። ከኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሄን ለማመጣጠን 3 ኪሎ ያስፈልጋል። ሰው 3 ኪሎ አይሰቅልም። ስለዚህ ምንም አይሰቅልም፣ ሁሉንም በአንጓው ይሸከማል። የእኔ ታሪክ ይሄው ነው።

መፍትሔው ካሜራውን ወደ ኋላ ማምጣት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ጉንጫችሁ ጎን። 2 በ15፣ 30 ሆነ። በግማሽ ወረደ። አሁን ግን የካሜራው ስክሪን ፊታችሁ ላይ ተለጥፏል፣ አይታይም። እዚህ ጋ ነው ሞኒተር የሚመጣው። ባለ 5 ኢንች ሞኒተር ከነክንዱ 400 ግራም ይሁን፣ ከትከሻ 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አውጡት። 0.4 በ35፣ 14። ድምሩ 44። ከ60 ያነሰ ነው፣ ዓይናችሁም ደህና ሆነ። ቀላሉ ነገር ወደ ፊት፣ ከባዱ ወደ ኋላ።

44ቱን ከኋላ ማመጣጠን ነው የቀረን። መጀመሪያ ባትሪ ስቀሉ። ቪ ማውንት የሚባለው ትልቅ የቪዲዮ ባትሪ 800 ግራም ቢሆን፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ 20 ይሰጣችኋል። ባትሪው ዝም ብሎ ሸክም አይደለም፤ ካሜራውንም ሞኒተሩንም ለረጅም ሰዓት ይመግባል፣ መብራት በጠፋበት ድንኳን ውስጥ ቻርጀር ፍለጋ አትሄዱም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቪ ማውንት 14 ቮልት ገደማ ነው፣ የትንሹ ካሜራ ባትሪ 7 ቮልት ገደማ። መሃል ላይ ቮልቱን የሚቀንስ ዳሚ ባትሪ (በካሜራው ባትሪ ቦታ የሚገባ ባለ ገመድ መገናኛ) ሳይኖር በቀጥታ ብታገናኙት ካሜራው ይቃጠላል።

የቀረው 24 ነው። ለዚህ ውድ የማመጣጠኛ ብረት ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግም። ቶርኖ ቤት ሂዱ። እኔ ሰፈር ያለው አባት ወረቀት ላይ የሳልኩትን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚቆየው?» አሉኝ። «ለብዙ ዓመት፣ ጋሼ» ስላቸው ጠርዙን ሁሉ ሞረዱልኝ፣ ልብስ እንዳይቀድ። መለኪያው ይሄ ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ወርድ፣ 2.5 ውፍረት ያለው ብረት። እላዩ ላይ ሁለት የ15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ መሃል ለመሃል 60 ሚሊ ሜትር ተራርቀው፣ ዘንጉ እንዲገባ በጥቂቱ ብቻ የሰፉ። ከጎን ደግሞ ዘንጉን የሚቆልፍ ብሎን። ሲያልቅ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። 27 ሳንቲ ሜትር ላይ ስታደርጉት 24 ይሆናል። ሞላ። ቀለም ቀቡት፣ አለዚያ በክረምት ይዝጋል።

ቁጥሩ የእናንተ ይለያል። ሒሳቡ ግን ያው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሪጉን ትከሻ ላይ አድርጉና ሁለቱንም እጃችሁን ከእጀታው አንድ ጣት ያህል አርቁ። ለመያዝ ዝግጁ ሁኑ እንጂ አትንኩት። ካልወደቀ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ካልሄደ፣ ጨርሳችኋል። እኔ ወደ ኋላ በጣም ትንሽ እንዲከብድ አደርጋለሁ፣ እጄ ወደ ታች ሲጎትተው የተረጋጋ ምስል ይሰጠኛል።

የፊቱ ዘንግ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። አጭር ግዙ። ካሜራው ወደ ኋላ ስለመጣ ከፊት 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ከኋላ 30። አሉሚኒየም ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው። ካርቦን ቀላል ነው፣ ከፊት ለማድረግ ይመቻል፣ ግን ክላምፑን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ይሰነጠቃል። ከኋላ የብረት ዘንግ ብታደርጉ ራሱ ክብደት ይሆናል።

ኬጁን ስትመርጡ ሦስት ነገር ብቻ እዩ። የባትሪው በር ይከፈታል? ካርዱ ይወጣል? ሥሩ ላይ ትሪፖዳችሁ የሚቀበለው ፕሌት አለ? አርካ የሚባለው ዓይነት ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትሪፖዳችሁ ያንን ከያዘ ሪጉን ሳትፈቱ ከትከሻ ወደ ትሪፖድ ታልፋላችሁ።

እጀታ፣ አሁን ነው ጊዜው

ሚዛኑ ከተስተካከለ እጀታው ቀላል ይሆናል፣ ምክንያቱም ምንም አይሸከምም። ክርናችሁ ጎናችሁ ላይ ተጠግቶ፣ ክንዳችሁ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ አንጓችሁ ሳይጣመም እጃችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን በተፈጥሮ አንሱት፣ ሌላ ሰው እዚያ ጋ እጀታውን ይሰር። በዚህ መንገድ ያሰርኩት እስካሁን አልቀየርኩትም። ብዙ ጊዜ ሰዎች እጀታውን በጣም ወደ ፊትና ወደ ላይ ያስሩታል፣ ያኔ ክርን ከጎን ይወጣል፣ ትከሻ ይደክማል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ እጀታ መሃል ያለው ስፋት ከትከሻችሁ ስፋት አይብለጥ።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከቀጠነ እጅ ይጨብጠዋል፣ ከወፈረ ጣት አይደርስም። ጎማው ፀሐይ ላይ ሲውል የሚያጣብቅ ዓይነት አለ፣ ስታሹት ጣት ላይ ጥቁር ነገር ከተወ ተዉት። የጠዋቱ ብርድ ላይ ባዶ አሉሚኒየም መያዝ ከባድ ነው። እኔ የምወደው እንጨት ነው። አናጢ ጋ ከዋንዛ ቁራጭ አስጠርቤ፣ መሃሉን አስበስቼ፣ የድሮውን እጀታ ሮዜት ገጠምኩበት። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። በዘይት አሹት፣ ቫርኒሽ አታድርጉበት፤ ቫርኒሽ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል።

ሁለት እጀታ ወይስ አንድ? ፎከስ በእጅ የምትጎትቱ ከሆነ የቀኙ ብቻ ይበቃል፣ ግራ እጅ ሌንስ ላይ ነው። በአውቶ ፎከስ የምትሰሩ ከሆነ ሁለት አድርጉ። የሪከርድ ቁልፍ ያለው እጀታ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ ሥራ አይቆምም።

የላይኛው እጀታና ቶሎ መፍቻው

ሙሽሮቹ የሽማግሌ ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ በትከሻ ቁመት ከቀረጻችሁ የሚታያችሁ ጀርባቸው ብቻ ነው። መውረድ አለባችሁ፣ በሰከንድ። ለዚህ የላይኛው እጀታ ያስፈልጋል። በናቶ ሬይል ወይም በሁለት ብሎን የሚታሰር ይሁን፤ በአንድ ብሎን የታሰረ እጀታ ዞሮ ዞሮ ይላላል። በተጨማሪ ካሜራውን ከነኬጁ ከዘንጉ በአንድ ቁልፍ የሚለቅ ፕሌት ብታገኙ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲገፋፉ መሃላቸው ለመግባት ትንሹን ካሜራ ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ሰርጉ ሳይደርስ ሞክሩት

ቤት ውስጥ 5 ደቂቃ አይበቃም። ግማሽ ሰዓት ትከሻ ላይ አድርጋችሁ ውጡ። ኮብልስቶን ላይ ሂዱ፣ አስፋልት ያልገባበት ኮረኮንች ላይ ሂዱ፣ እየቀረጻችሁ። ከዚያ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ሲጥ ሲጥ የሚል ወይም የሚንኳኳ ነገር ካለ ያልጠበቀ ክላምፕ አለ። የማይፈቱትን ብሎኖች ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርጉባቸው። ቀዩን አትንኩ፣ እሱ ካልተሞቀ አይፈታም።

አንድ የዳር አገር ነገር ልጨምር። ከሩቅ ሲታይ፣ በተለይ ሲመሽ፣ ጥቁር ሪግ ትከሻ ላይ ያደረገ ሰው መሣሪያ የያዘ ሊመስል ይችላል። ከሰርግ ስትመለሱ ኬላ የምታልፉ ከሆነ ፈትታችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡት፣ መኪና ውስጥም ጭናችሁ ላይ አታድርጉት። ፖሊስ ከጠየቃችሁ መጀመሪያ «ካሜራ ነው» በሉ፣ ከዚያ ቦርሳውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ስትፈቱት ደግሞ እያንዳንዱ ክላምፕ ዘንጉ ላይ የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ማርከር አስምሩ። የፕላስተሩን ምልክትም አታንሱት። በነጋታው ያለ ሒሳብ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። የብሎኑን ቁልፍ በፕላስተር ከኋላው ዘንግ ላይ እሰሩት፣ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ድንኳን ሲደርስ አይገኝም።